ብሥራት የመረጠው አውሮፕላን

ብሥራት በየትኛው አየር መንገድ ሊሄድ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ካርቶን የገላ ሳሙና ፈጅቶብኛል። ሳሙናውን የወሰደችው ኤልሳቤት ናት። መሳለሚያ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የአውሮፕላን ቲኬት የምትቆርጥ፣ ጥፍሯን ቀይ የምትቀባ፣ ክፋት የማይገባት ልጅ ናት።

«ያው የአንድ አገር ሰዎች አይደላችሁ? አብራችሁ እንድትቀመጡ ብለሽ ነው አይደል እትዬ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«በዱባይ በኩል ነው የያዘው፤ ከባለቤቱ ጋር።»

«እኔንም ከባለቤቴ ጋር በዱባይ በኩል ያዢን» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ሳልሸፋፍን ልናገር። ብሥራት ወንድሜን ከተማን የገደለ ሰው ነው። የሄደበት እየሄድኩ፣ የተቀመጠበትን እየነሳሁት ሦስት ዓመት ሙሉ ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ ባሊ የሚባል ደሴት ሄዶ፣ ባሕር ዳር ጋደም ብሎ፣ በቀርከሃ ጥላ ሥር የኮኮናት ውሃ ሊጠጣ ነው ሲሉኝ ደሜ ፈላ። እኔ በሕይወት እያለሁ ያንን ባሕር አያይም ብዬ በከተማ አጥንት ማልኩ።

ከተማ የሞተው በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በሰኔ ነው። እሱም ብሥራትም መርካቶ፣ ጭድ ተራ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ብሥራት ገና አሥራ ዘጠኝ። ከአንድ አገር መጥተው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ ብርድ ልብስ የሚያድሩ ልጆች ነበሩ። እኔ እዚያው ፊት ለፊታቸው ጆንያ አንጥፌ ሽንኩርት እሸጥ ነበር። የጫኝ ቡድናቸው ግን የተለያየ ነበርና፣ የዚያን ቀን ስኳር የጫነ መኪና ሲመጣ ተራው የእኛ ቡድን ነው፣ የለም የእኛ ነው ተባባሉ። ዝናቡ እየወረደ ነበር። ስድብ፣ ግፊያ፣ ቡጢ ሆነ። ከዚያ ብሥራት ከመሬት ፌሮ አነሳ።

የመታው አንዴ ብቻ ነው። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሮጬ ደርሼ የወንድሜን ጭንቅላት ስታቀፍ አጥንቱ ጣቴ ሥር ገባ ወጣ ይል ነበር፤ ደሙ ከዝናቡ ጋር ሆኖ ሽንኩርቴ ሥር ድረስ ወረደ። ጆንያ የሚጎትትበትን መንጠቆ አልለቀቀም ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ወሰድኩት። ኋላ ሽንኩርቱ ቀርቶ ባለሱቅ ስሆን፣ የሳሙና ጅምላ ስከፍት፣ ካርቶን የምከፍተው በዚያው መንጠቆ ሆነ። ቀን ከሽርጤ ኪስ አይወጣም።

ብሥራት አሥር ዓመት ታስሮ ወጣ። ወጥቶም ሌላ አገር አልሄደም፤ መርካቶ ተመልሶ የአጎቱን ሱቅ ያዘ። ምን ይሸጣል? ሳሙና። ከእኔ ሱቅ በሦስተኛው መተላለፊያ። የተፈረደበትን ጨርሷል፣ ማንም ምንም ሊለው አይችልም አሉኝ። ሕግ ይህን ይበል እንጂ በአገራችን ሥርዓት ግን ገና አልጨረሰም። እርቅ እስኪወርድ ድረስ ደም ያፈሰሰ ሰው ለሟች ወገን መንገድ ይለቃል። የሟች እህት ከወዲህ ስትመጣ እሱ ወደዚያ ይዞራል። የገባችበት ቤት አይገባም፤ ቀድሞ ገብቶ ከሆነም ተነስቶ ይወጣል። ከአንድ ማዕድ አይበሉም፣ አንድ መኪና አይሳፈሩም። እሱ እስከለቀቀ ድረስ ደግሞ የሟች ወገን እጁን አያነሳበትም። ሥርዓቱ የተሠራው ሁለተኛ ደም እንዳይፈስ ነው።

ሥርዓቱን እኔ አለንጋ አደረግሁት። ብሥራት ምሳ ሊበላ ገባ ሲሉኝ ተከትዬ እገባለሁ፤ ገና አንዴ ሳይጎርስ ሳህኑን ትቶ ይወጣል። ባንክ ተሰልፎ ተራው ሊደርስ ሲል ከኋላው እቆማለሁ፤ አጎንብሶ ይሄዳል። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ ጠበል፣ የትም አልቀረሁበትም። የአጎቱ ቀብር ላይ እንኳ ሄጄ ቆምኩ፤ አፈር ሳያለብስ ተመለሰ። ያን ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰው ይታዘበኛል ብዬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለት ክምር ጆንያ መሐል ጠባብ ቦታ ላይ ተገናኘንና የሚዞርበት ሲያጣ ፊቱን ወደ ጆንያው አድርጎ ቆመ። በሚዛን ድንጋይ ጀርባውን ሦስት ጊዜ መታሁት። ትንፋሹ ሲቆረጥ ሰማሁ። አልዞረም፣ እጁንም አላነሳም።

ጋሽ ሐምዱ፣ ብርድ ልብስ የሚሸጡት፣ የአገራችን ሽማግሌ፣ ያን ዕለት ሱቄ ድረስ መጡ። ለእርቅ ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስቴም ያባረርኳቸው ሰው ናቸው።

«እሱ ለቆልሻል» አሉኝ። «ሥርዓቱን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ። ደም ያልፈሰሰው በዕድልሽ ነው ልጄ።»

«የሚሄድበት አጥቶ ቆመ እንጂ መች ለቀቀ ጋሼ» አልኳቸው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የሳሙናው አስመጪ ሽልማት ያወጣው። ሁለት ሺህ ስምንት ላይ፣ ከመርካቶ ብዙ የሸጡ ሁለት ሱቆች ከነትዳር ጓደኛቸው ለአንድ ሳምንት ባሊ ይሄዳሉ ተባለ። አንዱ እኔ ነኝ፣ አንዱ ብሥራት። ሽልማቱ የተሰጠበት አዳራሽ ስገባ ብሥራት በኋላ በር ወጣ፤ የምስክር ወረቀቱን ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጡለት። አስመጪው ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሆቴሉ ተከፍሏል፣ ጉዞው በነሐሴ መጀመሪያ ነው፣ አየር መንገዱን ግን ከሦስቱ ራሳችሁ ምረጡ፣ ኤልሳቤት ቢሮ ሄዳችሁ ንገሯት አለን።

ባለቤቴ ኃይለየሱስ ከሸለሙን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ የቀኝ ጉልበቱ ከተሰበረ ወዲህ እያነከሰ የሚሄድ፣ ድምፁም የማይሰማ ሰው ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም። ኤልሳቤት የሰጠችውን ወረቀት ማታ ማታ እያነበበ በካልኩሌተር ሰዓት ይደምራል። «በዱባይ በኩል ሰባት ሰዓት ያስጠብቃል፤ ግን ሻንጣው ሠላሳ ኪሎ ነው። በዶሃ በኩል መቆያው ሦስት ሰዓት ነው፣ እግር መዘርጊያው ግን ጠባብ ነው አሉ። የአገራችን ደግሞ በባንኮክ በኩል ያደርሰናል፣ ከዚያ ሌላ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ምግብ የሚሰጠን የአገራችን ነው እታለም። በዚያ ላይ ጉልበቴ…»

«በዱባይ ነው የምንሄደው» አልኩት።

«ለምን?»

«ብሥራት በዱባይ ስለያዘ።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተኛ።

አንድ መኪና የማይሳፈር ሰው አንድ አውሮፕላን አይሳፈርም። ይህን ማሰብ ብዙ ጭንቅላት አይጠይቅም። በማግስቱ ብሥራት በዱባይ የያዘውን ሰርዞ ወደ ዶሃ ዞረ። ኤልሳቤት ደወለችልኝ። «እትዬ፣ የአገርሽ ሰውማ ሐሳቡን ቀየረ፤ አንቺንም ላዙርሽ?» አዙሪኝ አልኳት። በሦስተኛው ቀን የቀረችው የአገራችን ብቻ ነበረች። ወደዚያች ዞረ። ወደ ደሴቱ የሚያስገባ አራተኛ መንገድ የለም፤ ሆቴሉም የተያዘው ለዚያ ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያች ከለቀቀ ቀረ ማለት ነው።

ኃይለየሱስ ያን ዕለት ጠዋት ሱቅ መጣ። ደንበኛ ፊት ተናግሮኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ተናገረኝ።

«የአገራችንን እንምረጥ ያልኩሽ እኔ ነበርኩ። ያኔ እሺ ብትዪኝ በደስታ እሄድ ነበር። አሁን ግን የምንሄደው ሰው ገፍተን ነው። እኔ አልሄድም።»

«ወንድሜን የገደለ ሰው ባሕር ዳር ይተኛ?»

«ይተኛ! ተኝቶ ይነሳ! ከተማ እንደሆነ አይነሳ!»

በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ ሲጮህብኝ ያኔ መጀመሪያዬ ነው። ካርቶን እየከፈትኩ ነበርና መንጠቆውን ወደ ኪሴ ጣል አድርጌ፣ ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ፣ ቀጥ ብዬ ወደ መሳለሚያ ወጣሁ። ሐምሌ ነው፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሚኒባሶቹ እየረጩኝ፣ እየተሳደብኩ ደረስኩ። ብሥራት የኤልሳቤት ቢሮ ያለበት ፎቅ ደረጃ ሥር ቆሟል። ሲያየኝ ጃንጥላውን አጥፎ ወደ ጎን ዞረ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። አጠገቡ ምራቄን ተፍቼ ደረጃውን ወጣሁ።

ላይ ቢሮው ውስጥ ሚስቱ ተቀምጣለች። ፀደይ ትባላለች። የሰባተኛ ሰፈር ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ የተወለደች፣ የእኛን አገር በስም እንኳ በወጉ የማትጠራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላት። ከእስር ወጥቶ ነው ያገባት። ያን ቀን እንደ ሌላው ሰው «ጤና ይስጥልኝ እትዬ» አለችኝ። ፊቴን ወደ ኤልሳቤት አዞርኩ።

«ኤልሳቤት፣ በአገራችን አየር መንገድ፣ ሁለት ሰው» አልኳት።

«እሺ እትዬ፣ የእነሱን እየጨረስኩ ነው፣ ጎን ለጎን…»

ፀደይ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ እታለም፣ ብሥራት ቀርቷል። ለቆልሻል። አሁን እኮ የመጣሁት የሱን ስም አሰርዤ የእናቴን ላስገባ ነው። እኔና እናቴ ነን የምንሄደው።»

አሁን ሳስበው ያሰብኩት ሁሉ እዚያው ሞልቶልኝ ነበር። ብሥራት ቀርቷል። ባሕሩን አያይም። ተደስቼ ወደ ሱቄ መመለስ ነበረብኝ። ግን ልጅቷ በተረጋጋ ድምፅ፣ እግሯን አነባብራ፣ የአውሮፕላን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትነግረኝ እርር ድብን አልኩ። እሱ ሲለቅልኝ ሦስት ዓመት የጠጣሁት ደስታ ያኔ አፌ ውስጥ ኮመጠጠ።

«አንቺም ትለቂያለሽ» አልኳት።

«እኔ? በምን ዕዳዬ?»

«የደመኛዬ ሚስት ነሽ።»

«ሚስቱ ነኝ። ወንድምሽን ግን አልገደልኩም። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ትምህርት ቤት ነበርኩ።» ተነሳች። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። «የእናንተን ሥርዓት እሱ ያክብር፤ ሲያከብርልሽም አይቻለሁ። ምሳውን ጥሎ ቤት መጥቶ ያለቅሳል፣ ታውቂያለሽ? ጀርባውን ስትደበድቢው ሁለት ሳምንት በሆዱ ነው የተኛው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ ግን አልለቅም እትዬ። የፈለግሽውን አውሮፕላን ያዢ፣ አጠገቤም ተቀመጪ፣ እኔ ከወንበሬ አልነሳም።»

በጥፊ መታኋት። መልሳ መታችኝ። ማንም መልሶ መትቶኝ አያውቅም ነበር፤ የሦስት ዓመቱ ዱላ ሁሉ የወረደው አንገቱን በደፋ ሰው ላይ ነው። ፀጉሯን ያዝኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደቅን፣ ኮምፒውተሩ ተከሰከሰ። ኤልሳቤት ስሜን እየጠራች ታለቅሳለች። ፀደይ ጉሮሮዬን ይዛ ከግድግዳው አጣበቀችኝና «ይበቃል! በቃ!» ስትል ትንፋሿ ፊቴ ላይ ይሰማኛል። ዓይኔ ደም ለብሷል። እጄ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ገባ።

መንጠቆውን የት እንዳሳረፍኩት ያወቅሁት መልሼ ስስበው ነው። እሺ ብሎ አልመጣልኝም። ሳብ ሳደርገው ፀደይ አብራው መጣች፣ ከዚያ ተለቀቀ። የጮኸችው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ሁለት እጇን ግራ ፊቷ ላይ አድርጋ ተንበረከከች፤ በጣቶቿ መሐል ደሙና ሌላም ነገር እየወረደ ያ የአውሮፕላን ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል። እኔ መንጠቆውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ከተማ ይዞት የሞተው እጀታ እጄ ውስጥ ሞቆ ነበር።

ብሥራት ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው ተሰማኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ያለሁበት ገብቶ የማያውቅ ሰው በሩን በርግዶ ገባ፤ በትከሻዬ በኩል አልፎ ሲሄድ ክንዱ ክንዴን ነካው። አነሳት። ሻርፑን ፈትቶ ፊቷ ላይ አደረገና ታቀፋት። እኔ ሳላስበው በሩ ላይ ሆኛለሁ።

«ምታኝ» አልኩት። ከልቤ ነበር። ፌሮም ቢያነሳ አልሸሽም ነበር።

አላየኝም እንኳ። «መንገድ» አለ።

ለቀቅሁለት።

ግራ ዓይኗ አልዳነም። ሦስት ዓመት ተፈረደብኝ። ኃይለየሱስ በየእሑዱ ያንን ጉልበቱን እየጎተተ ይጠይቀኝ ነበር፤ ስለ ባሊ አንድም ቀን አላነሳም። ማንም አልሄደም። ሳምንቱ አለፈ፣ ሆቴሉም አለፈ። ብሥራት ባሕሩን አላየም። የማልኩትን አደረስኩ።

እስር ቤት ሳለሁ አንድ ቀን ጋሽ ሐምዱ መጡ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነበር፤ በእኛ አገር ሥርዓት አንድ ዓይን እንደ ግማሽ ነፍስ ይቆጠራል። ከተማ ሙሉ ነፍስ ነው፣ ብሥራት አሥር ዓመት ታስሯል፣ እኔም ታስሬያለሁ፣ የፀደይ ዓይን ጠፍቷል። ደሙ ከሞላ ጎደል ተቻችሏል፣ ሁለቱም ወገን መማል ብቻ ነው የቀረው ብለው ነበር። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አልኩ። ብሥራትም እሺ ብሎ ነበር።

«ታዲያ መቼ ነው?» አልኳቸው።

ጋሽ ሐምዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ልጅቷ እንቢ አለች» አሉኝ። «ዓይኔ የእናንተ ደም ማቻቻያ አይደለም አለች። ከፈለጋችሁ ብሥራትን አስታርቁት፣ የእኔ ግን የራሴ ነው፤ ሴትዮዋ ያለባት ዕዳ ለእኔ ነው አለች። እኛም አሰብነው፤ አልተሳሳተችም። ከተማ ወንድሟ አይደለም፣ ብሥራት ደሟ አይደለም። ከአንቺ ጋር ያላት ከሌላው ያልተነካካ፣ ራሱን የቻለ ደም ነው።»

«ከብሥራት ጋርስ?»

«ከብሥራት ጋር ታርቀሻል ልጄ። ከፀደይ ጋር ግን ከዛሬ ጀምሮ የምትለቂው አንቺ ነሽ።»

ከሦስቱ ዓመት ሁለቱን ጨርሼ በአመክሮ የወጣሁት በሁለት ሺህ አሥር ሐምሌ ነው። ሱቁን ኃይለየሱስ ይዞት ቆይቷል። ካርቶን የሚከፍተው በቢላዋ ነው፤ መንጠቆውን ፍርድ ቤት ወስዶታል፣ አልጠየቅሁም። በወጣሁ በአምስተኛው ቀን ወደ ጭድ ተራ ወረድኩ። ወንድሜ የወደቀበት ቦታ አሁን ሲሚንቶ ተደርጎበት የፕላስቲክ ባልዲ ይሸጡበታል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። በአንድ በኩል የሱቅ ደረጃ፣ በሌላ በኩል የሞላ ቦይ፤ መሐል ላይ ያለችው ደረቅ መንገድ ለሁለት ሰው አትበቃም።

ፀደይ ከፊት ለፊቴ መጣች። ልጅ አዝላለች። በቀኝ እጇ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ግራ ጎኗን ወደ እኔ አድርጋ፣ ከአንዱ ባለሱቅ ጋር እየተጨቃጨቀች ነው። በዚያ በኩል ያለው ዓይኗ ተሰፍቶ ተዘግቷል፤ ጠባሳው እስከ ጆሮዋ ይደርሳል። አላየችኝም። ልታየኝ አትችልም ነበር። ከደረጃው ጥግ ተጠግቼ ብቆም አጠገቤ አልፋ ትሄድ ነበር፤ ማንም አያውቅም፤ እሷም አታውቅም።

ብሥራት በዚያች ደረጃ ሥር ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ሲቆም የሚሰማው ምን እንደነበር አስቤ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ የሚያይህ ይመስልሃል። ያኔ አወቅሁት፤ አወቅሁትና ከልቤ አፈርኩ።

ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ቦዩ ወረድኩ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ፣ ቀዝቃዛና ቆሻሻ ነበር። ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ቆምኩ። ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ እያየኝ፣ እሷ በስፖንጅ ዋጋ እየተከራከረች፣ ከበላዬ አለፈች።